ለጥራት ላለው የዲጂታል ድምፅ የትኛው ኮምፒውተርና ስርዓተ ክወና ይመረጥ?

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ከድምፅ ቴክኖሎጂ ነው። “ንፋስ ስልክ” የቀድሞ ሰዎች ያለ ሽቦ በአየር ለሚተላለፈው የሬዲዮ መገናኛ የሰጡት ስያሜ እንደነበር ይታወቃል። እ.ኤ.አ በ1935 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአገሪቱ ላይ ያንዣበበውን የወረራ ስጋት ለዓለም ያሰሙትም ከዚሁ ክፍለ ከተማ አጎራባች ከሆነው አቃቂ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ዋናው ጭንቀት ድምፁ ይድረስ አይድረስ የሚል ነበር። ዛሬ በክፍለ ከተማው ከሳር ቤት እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ በሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች፣ የስብሰባ አዳራሾች፣ አብያተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ድምፅ በብዛት የሚሰማው ከኮምፒውተር በመሆኑ፣ ጥያቄው የሚደርሰው ድምፅ ከተቀረጸው ጋር አንድ ነው ወይ ወደሚለው ተሸጋግሯል።

ጥያቄው ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ኮምፒውተርና የድምፅ መሣሪያ በመንግሥት ገንዘብ ሲገዛ ፍላጎቱን የሚያዘጋጀው፣ ዋጋውን የሚያጸድቀውና ዕቃውን የሚረከበው የመንግሥት ሠራተኛው ነውና። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በብር ሲሰላ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ገንዘቡ ድምፁ በእርግጥ በሚሻሻልበት ቦታ መዋሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረገው ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማቋረጡ ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ በታች የሆኑትን አይቀበልም። በመሆኑም እ.ኤ.አ ከ2017 በፊት የተገዙ፣ ነገር ግን ገና በደህና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ስርዓት መሻገር አይችሉም። ድርጅቶች ድጋፉን በክፍያ እስከ 3 ዓመት ማራዘም ቢችሉም፣ ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል። እነዚህን ኮምፒውተሮች ወደ ንብረት ማስወገጃ ዝርዝር ከማስገባት በፊት አንድ ነገር ማጤን ይገባል። ድምፅ ማሰማት ለኮምፒውተር እጅግ ቀላል ሥራ ነው።

ቀላልነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዲጂታል ድምፅ ማለት የድምፁ ሞገድ በእያንዳንዱ ሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተለካ በቁጥር የተመዘገበበት ነው። እ.ኤ.አ በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ የሚሰማ ሲሆን፣ አንድን ሞገድ ሳያጎድሉ ለመመዝገብ ከከፍተኛው ድግግሞሽ እጥፍ በላይ ልኬት ስለሚበቃ 44,100 የተባለው ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በዚህ ስሌት የአንድ ሰዓት ባለሁለት መስመር ድምፅ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 96,000 ልኬት በ24 ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ ደግሞ ወደ 2.1 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን ያህል መረጃ አንብቦ ማሰማት ለ10 ዓመት አሮጌ ኮምፒውተርም ቢሆን ከባድ ሸክም አይደለም። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይበቃዋል። ድምፅ ለማሰማት ተብሎ የመጨረሻውን ፕሮሰሰርና ውድ የጌም ካርድ የያዘ ኮምፒውተር እንዲገዛ የሚቀርብ የፍላጎት መግለጫ በዚህ ጸሐፊ እምነት ተመልሶ መታየት ያለበት ነው።

ታዲያ ጥራቱ የት ላይ ይወሰናል? በቅድሚያ በፋይሉ ላይ ነው። ኤምፒ3 ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ጆሮ አይለየውም ተብሎ የተገመተውን የድምፅ ክፍል ቆርጦ ይጥላል፤ የተጣለውም አይመለስም። ፍላክ የተባለው ቅርጸት ግን ፋይሉን ከሞላ ጎደል ወደ ግማሽ መጠን እየጨመቀ አንዲት ቁጥር አያጎድልም። እ.ኤ.አ በ2001 የወጣው ይኸው ቅርጸት ነጻና ክፍት ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ታትሟል። ልዩነቱ በእኛው መሣሪያዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በገና ከ10ሩ አውታሮቹ ሥር በሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ ማለትም በእንዚራው፣ አማካይነት የሚያወጣው ንዝረት በቀጭን ድምፆች የበለጸገ ነው። በጣም የተጨመቀ ኤምፒ3 የመጀመሪያውን ጉዳት የሚያደርሰው በእንዲህ ያለው ዝርዝር ላይ ነው። የመሰንቆ ጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራነትም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መለወጥ የፋይሉን መጠን ያሳድጋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። በመሆኑም “ሁሉም ፋይሎች በፍላክ ቀርበዋል” የሚል የርክክብ ሰነድ ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም፤ ከየትኛው ምንጭ እንደተቀዱም መገለጽ አለበት።

የምንጩ ጉዳይ የአገር ቅርስ ጉዳይም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን ከተቀረጹት ሸክላዎች ጀምሮ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ከ100 በላይ ሸክላዎች አልፎ፣ ከዚያ በኋላ ገበያውን እስከ ተቆጣጠረው ካሴት ድረስ ያለው የድምፅ ሀብት በሚያረጅ ቁስ ላይ የተቀመጠ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ1997 የጀመረው “ኢትዮፒክ” የተሰኘው የሲዲ ተከታታይ እትም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ሊያሰማ የቻለው የቀድሞዎቹ ቅጂዎች በመገኘታቸው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2019 ባስተላለፈው ማስጠንቀቂያ፣ ቴፕ ማጫወቻ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው ከ2025 ገደማ በኋላ እየጠፉ ስለሚሄዱ በቴፕ ላይ ያለው ድምፅ እስከዚያው ወደ ዲጂታል ካልተገለበጠ ተደራሽነቱ እንደሚያበቃ አሳስቦ ነበር። የተባለው ዓመት አልፏል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስለ ድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዚህ ሥራ ዝቅተኛው መለኪያ በሰከንድ 48,000 ልኬት በ24 ቢት እንዲሆን፣ ከተቻለም 96,000 እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ የአካባቢው አዛውንት ቃለ ምልልስ ወይም የቀድሞ የኪነት ቡድን ቅጂ ያለበት ካሴት ካለ፣ ኮምፒውተር ከመምረጥ በፊት እርሱን መገልበጥ ይቀድማል።

ከፋይሉ በኋላ ስርዓተ ክወናው ይመጣል። የስርዓተ ክወናው ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ ይችላል፦ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሳይነካ ለድምፅ መሣሪያው ማስረከብ። ችግሩ ሦስቱም የታወቁ ስርዓቶች ካልታዘዙ በስተቀር ይህን የማያደርጉ መሆናቸው ነው። ኮምፒውተር ሙዚቃውን፣ የኢሜይል ደወሉንና የማስጠንቀቂያ ድምፁን በአንድ ጊዜ ማሰማት ስላለበት ሁሉንም በአንድ ማደባለቂያ ውስጥ ያሳልፋል፤ ለማደባለቅም ሁሉንም ወደ አንድ የልኬት ፍጥነት ይለውጣል። በጉባኤ መካከል የሕዝብ መዝሙር እየተሰማ የኢሜይል ደወል በሞንታርቦው ሲያስተጋባ የሰማ ሰው የማደባለቂያውን ምንነት በተግባር አይቶታል።

በዊንዶውስ ይህ ማደባለቂያ በአብዛኛው በ48,000 ተስተካክሎ ይገኛል። 44,100 የሆነ ፋይል ሲጫወት እያንዳንዱ 147 ልኬት ወደ 160 እየተለወጠ ያልፋል ማለት ነው። ከቪስታ ጀምሮ ግን ዊንዶውስ ማደባለቂያውን አልፎ በቀጥታ ወደ መሣሪያው የሚያደርስ “ብቸኛ” ወይም “ኤክስክሉሲቭ” የተሰኘ መንገድ አለው። ፉባር2000ን የመሰሉ የማጫወቻ ሶፍትዌሮች በዚህ መንገድ እንዲጠቀሙ ማዘዝ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሌሎች ድምፆች ሁሉ ዝም ስለሚሉ የደወሉም ችግር አብሮ ይፈታል። በአፕል ማክኦኤስ የልኬቱ ፍጥነት ስርዓቱ ውስጥ ባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በእጅ ይወሰናል። የማክ የድምፅ አሠራር የተረጋጋ በመሆኑ በስቱዲዮዎች ዘንድ ይወደዳል፤ ዋጋውና የጥገና ባለሙያ እጥረቱ ግን ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመከር አያደርገውም።

ሊኑክስ በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ነጻ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ዊንዶውስ 11 ያልተቀበላቸውን ኮምፒውተሮች ይቀበላል። እንደ ኡቡንቱ 24.04 ያሉት የረጅም ጊዜ እትሞች እስከ 2029 እ.ኤ.አ መደበኛ ድጋፍ የሚያገኙ ሲሆን፣ በዚሁ ላይ የተመሠረተው ሊኑክስ ሚንት ደግሞ መልኩ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚቀራረብ ለለመደ ሠራተኛ አይከብድም። የድምፅ አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው ፓይፕዋየር የተባለው ሶፍትዌር ነው። ይሁን እንጂ ሊኑክስ በመጫኑ ብቻ ድምፁ ይጠራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ፓይፕዋየርም ቢሆን ሲጫን በ48,000 የተወሰነ ሲሆን፣ 44,100 እና 96,000ም እንዲፈቀዱ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህም የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ከቀረ ግን ስርዓቱ ከዊንዶውስ የተለየ ነገር አላደረገም። ማሽኑ ከኢንተርኔት ተለይቶ ለማጫወት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው የእጅ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር፣ ለድምፅ ብቻ ከተዘጋጁት የሊኑክስ ዓይነቶች በአንዱ ቢሠራ ማራገቢያ ስለሌለው በጸጥታ ያገለግላል።

እንግዲህ ሁሉም ስርዓቶች በአግባቡ ከተስተካከሉ ተመሳሳይ ቁጥር ለመሣሪያው ያስረክባሉ። በድምፅ ጥራት አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይቻልም። ምርጫው ማን ያስተካክለዋል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል በሚለው መመሥረት ይኖርበታል። ሊኑክስን የሚያውቅ የአይሲቲ ባለሙያ ባለበት ጽሕፈት ቤት አሮጌውን ኮምፒውተር በሊኑክስ ማደስ ገንዘብ ይቆጥባል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በሌለበት ግን በኤክስክሉሲቭ መንገድ የተስተካከለ ዊንዶውስ 11 ይሻላል። የአስተካካዩ መዛወር ማሽኑን የሚያቆመው ከሆነ የተቆጠበው ገንዘብ ትርጉም የለውም።

ስለ ከፍተኛ ልኬትም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። 96,000 ለመገልበጥና ለመጠበቅ ጠቃሚ ነው፤ ለማዳመጥ ግን ልዩነቱን ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ በ2007 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከፍተኛ ልኬት ያለውን ድምፅ በሲዲ ልኬት ካለፈው ጋር እያፈራረቁ ሲያሰሙ አዳማጮች ከ554 ሙከራዎች በትክክል የለዩት 276ቱን ብቻ ነበር። ይህ ሳንቲም በማገላበጥ ከሚገኘው ውጤት አይለይም። ካሴት ደግሞ ከራሱ የሻሻታ ድምፅ ጋር ከሲዲ የጠበበ ክልል የሚይዝ በመሆኑ፣ ከካሴት የተቀዳን ነገር ለማሰማት 384,000 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

የኮምፒውተሩ ቁጥሮች ወደ ሚሰማ ድምፅ የሚለወጡት በዳክ ነው። ዳክ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከማራገቢያው፣ ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ክፍሉ ጋር በአንድ ቦርድ ላይ በመቀመጡ የእነርሱ ጫጫታ ይገባበታል። ማውስ ሲንቀሳቀስ በድምፅ ማጉያው የሚሰማው ጭረት ከዚህ የሚመጣ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ሳውንድ ካርድ ችግሩን በአብዛኛው ያስወግዳል። ማክና ሊኑክስ እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚቀበሉ ሲሆን፣ ዊንዶውስም ከ2017 እ.ኤ.አ ወዲህ ለሁለተኛው የዩኤስቢ ድምፅ ደረጃ ይህንኑ አሟልቷል። በገበያው ውስጥ ካሉት ሁሉ ውዱን ማሳደድ አያስፈልግም፤ መካከለኛው ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያና ለክፍሉ ይዋል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ አዳራሽ ድምፁን ደጋግሞ ስለሚያስተጋባ፣ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ከአዲስ ኮምፒውተር የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

ሌላው በአገራችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚሻው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ የመሬት ሽቦ ባልተዘረጋበት ወይም በተዛባበት ሕንፃ “እም” የሚል ወፍራም ድምፅ ከማጉያው ሲወጣ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ተጠርጥሮ ይለወጣል፤ ድምፁ ግን አይጠፋም። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ በአንድ ግድግዳ፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክተው የመሬት መስመራቸው ልዩነት በድምፅ ገመዱ ውስጥ ማለፉ ነው። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ ረጅም መስመር ሲሆን ደግሞ ባለሦስት እግሩን የማይክራፎን ገመድ መጠቀም ችግሩን ይቀርፋል። አንዳንድ ሠራተኞች የስፒናውን የመሬት እግር በመቁረጥ ድምፁን ለማጥፋት ይሞክራሉ። ይህ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል በመሆኑ በየትኛውም ሁኔታ ሊፈቀድ አይገባም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩና በላዩ ያለው ቅጂ እንዳይጎዳም ዩፒኤስ የግዥው አካል መሆን አለበት።

ፋይሎችን በአማርኛ ለመሰየም ለሚፈልጉ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ትንሽ ነጥብ መጨመር ይቻላል። በፍላክ ፋይል ውስጥ የሚጻፈው የዘፈን ርዕስና የባለሙያ ስም በዩኒኮድ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ሊኑክስ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስሙ ከ85 ፊደል መብለጥ አይችልም። የቃለ ጉባኤ ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም የማድረግ ልማድ ባለበት ጽሕፈት ቤት ይህ ገደብ ቶሎ ይደረሳል። ቀኑንና አጭር መለያውን በስሙ፣ ዝርዝሩን በፋይሉ ውስጥ ማስቀመጥ ይመረጣል። ከዚህም ጋር የሙዚቃ ቅጂዎችን ለሕዝብ ለማሰማት ወይም ለማባዛት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተደነገገውን የባለመብት ፈቃድ ማሟላት የመሣሪያው ዓይነት ሳይለይ ግዴታ ነው።

ዕቃው ተገዝቶ ሲመጣ የርክክብ ኮሚቴው ካርቶኑን ቆጥሮ ከመፈረም ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ወስዶ ሊፈትሸው ይገባል። ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በ44,100፣ በ48,000 እና በ96,000 የተቀረጹ ሦስት ፋይሎችን በተራ ማጫወትና በውጭው ሳውንድ ካርድ ላይ የሚታየው ቁጥር ወይም የመብራቱ ቀለም አብሮ መለዋወጡን ማየት ነው። ካልተለዋወጠ ስርዓተ ክወናው ድምፁን እየለወጠ ነውና አቅራቢው ያስተካክል። ቀጥሎ ምንም ድምፅ የሌለበትን ፋይል ከፍቶ የማጉያውን ድምፅ ወደ ተለመደው መጠን ከፍ ማድረግ፣ ማውሱን ማንቀሳቀስ፣ ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩን መንቀልና መሰካት ያስፈልጋል። በመጨረሻም ኮሚቴው የሚያውቀውን አንድ የበገና ቅጂ፣ በፍላክና በጣም በተጨመቀ ኤምፒ3 ተዘጋጅቶ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው እያፈራረቀ ያድምጥ። ጸጥታው ውስጥ “እም” የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ሁለቱን ቅጂዎች ከአባላቱ አንዱም መለየት ካልቻለ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የገመዱ ወይም የክፍሉ ጉዳይ እስኪታይ ድረስ የርክክቡ ሰነድ ሳይፈረም ይቆያል።